ከቶርኖው ጎን፦ የአባት ፊያት፣ የቮልስ ሞተርና የተቆረጠ ሞላ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ ነው የምመልሰው፤ ጠያቂው ካነሳው ያላነሳው ስለሚበልጥ። ለማታውቁኝ፦ ፖሊ ግቢ (ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ) ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ማሽን፣ ተምሬ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት ከብረት ጋር ኖሬ፣ አሁን ከቅዳሜ ገበያ ብዙ በማይርቅ ቆርቆሮ ቤት አንዲት የሩሲያ ቶርኖ፣ አንድ ትራፓኖና አንድ ሞርሳ ይዤ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ፍሬዛ፣ በሚሽከረከር ቢላ ብረት የሚጠርበው ማሽን፣ የለኝም። የፍሬዛ ሥራ ሲመጣ ወዳለው ሰው እልካለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ‹ጋሼ ያልሠራው የለም› የሚለው ወሬ ሰው እያንከራተተ ስላስቸገረኝ ነው።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ ሲያርፍ የተወልኝ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ አለኝ። እ.ኤ.አ. የ1968 ስሪት ነው፣ ሞተሩ 1438 ሲሲ። ግቢያችን ማንጎ ሥር ዘጠኝ ዓመት ቆሞ ዘንድሮ አስነሳሁት። ይሄዳል፤ ግን አባቴ ‹ጥይት ነው› ይለው የነበረውን መኪና አላገኘሁትም። በጎንደር መንገድ ስወጣ ሚኒባስ ሁሉ ይቀድመኛል። ስለዚህ የጭስ ማውጫውን በአራት ቱቦ ላሠራ፣ ሁለት ካርቡራተር የሚይዝ ማኒፎልድ (የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰውን ቱቦ) ከአልሙኒየም ላስቀልጥ፣ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ላስላጭ፣ ፍላይዊሉንም (ከሞተሩ ጫፍ የሚዞረውን ከባድ መንኮራኩር) በቶርኖ ላስቀልል አስቤያለሁ። ከየቱ ልጀምር? ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት አቅሜ አይፈቅድም።
ባለ ፊያቱ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

የአባትህን ነፍስ ይማር። ጥሩ ዕቃ ነው የተዉልህ። ያንን ሞተር የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፤ ፊያት ከመግባቱ በፊት ለፌራሪ ሞተር ይነድፍ የነበረው ሰውዬ። ሁለቱም ካምሻፍት፣ ባልቦላ የተባሉትን የአየርና የጭስ በሮች የሚከፍቱት ዘንጎች፣ ከላይ ናቸው፤ የሚያዞራቸውም ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆሞ ከሆነ ያቺን ቺንጋ ሳትቀይር አስነስተኸው እንዳይሆን ብቻ! ደብዳቤህ ላይ አልጻፍክም። ካልቀየርካት ይህን መጽሔት አስቀምጥና መጀመሪያ እሷን ቀይር።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባትህ መኪናውን ‹ጥይት ነው› ሲሉ የት ሆነው ነው? ድሬዳዋ ወይም አሰብ ከነበሩ መልሱ እዚያው ላይ ነው። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር 90 ፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈው በባሕር ጠለል አየር ነው። የእኛ ከተማ ደግሞ ስሟ ባሕር ዳር ይሁን እንጂ ከባሕር 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ግድም ነው። ሞተርህ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ 90ው ፈረስ 72 አካባቢ ይሆናል። አሥራ ስምንቱ አልሞቱም፤ ድሮውንም ዳገቱን አልወጡም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ‹ቻለው› ብዬህ ባለፍኩ ነበር። ችግሩ ካርቡራተሩ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቤንዚን የሚስበው በጉሮሮው የሚያልፈው አየር በሚፈጥረው ዝቅተኛ ግፊት ነው፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ቤንዚኑ የሚቀንሰው በአንድ አሥረኛ ግድም ብቻ ነው። ስለዚህ ድብልቁ ይወፍራል። ካንዴላህን ፈትተህ እይ። ጫፉ የጀበና ቂጥ መስሎ ከጠቆረ፣ ሚኒባሱ የቀደመህ አየሩ ስለሳሳ ብቻ አይደለም፤ ግማሹን ቤንዚን ጥቀርሻ እያደረግከው ነው። ‹ግማሹን› ያልኩት ለማጋነን ነው፣ ገብቶሃል።

እና የመጀመሪያው ሥራህ ከትንሿ ጣትህ ጥፍር አይበልጥም፦ ጂግለር፣ ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ናስ። ዌበር ካርቡራተር ላይ የጂግለሩ ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 125 የሚል ካለበት 1.25 ሚሊሜትር ማለት ነው። የቀዳዳውን አፍ ስፋት በአሥር በመቶ ለመቀነስ ዲያሜትሩን በአምስት በመቶ ማጥበብ ይበቃል። 1.25 የነበረው 1.19 ይሆናል፤ በቁጥር 120 በለው። ይህን ከናስ ዘንግ እኔው ቶርኖ ላይ አወጣልሃለሁ፤ ቀዳዳውን ግን በትራፓኖ ሳይሆን በእጅ ነው የምበሳው፣ በጣት ይዤ እያሽከረከርኩ። አሮጌውን ጂግለር በመርፌ እንዳትነካካው። ብዙ ሰው ‹ተደፈነ› ብሎ በሽቦ ይጎረጉረዋል፤ ናስ ለስላሳ ነው፣ 125 የነበረው ሳታውቀው 130 ይሆናል።

አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልለህ ከካንዴላ መፍቻህ ጋር አስቀምጠው። አዲስ አበባ መሄድህ አይቀርም። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ከደጀን ቁልቁል ወደ አባይ ስትወርድ ግን ወንዙ ጋ ወደ 1,000 ሜትር ትጠጋለህ። ለባሕር ዳር ያሳሳነው ድብልቅ እዚያ ወፍራም አየር ሲገባበት ይብሱኑ ይሳሳል። ከዚያ በሙቀቱ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ጋዙን ረግጠህ ወደ ጎሐ ጽዮን ትወጣለህ። የሳሳ ድብልቅና ሙሉ ጭነት ሲገናኙ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ቸል ካልከው ፒስተን ይበሳል። ደጀን ላይ ሻይ ስትጠጣ አሮጌውን መልሰው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ቱቦው እንምጣ። ይህ ያዋጣል፤ እዚሁ የሚሠራም ነው። የሞተርህ የእሳት ተራ፣ ሲሊንደሮቹ ተራ በተራ የሚነዱበት ቅደም ተከተል፣ 1-3-4-2 ነው። አንደኛውን ከአራተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ታጣምርና ሁለቱን ጥንዶች ዝቅ ብለህ ወደ አንድ ታመጣቸዋለህ። እንዲህ ሲሆን በተጣማሪዎቹ ትንፋሽ መሃል አንድ ሙሉ ዙር አለ፤ ጉሮሮ ለጉሮሮ አይተናነቁም። አራቱንም በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ማገናኘት በከፍተኛ ዙር ለሚሮጥ ነው። አንተ የምትነዳው በባጃጅ መሃል ነው።

አንዱ ሲሊንደርህ 360 ሲሲ ግድም ስለሆነ የውጭ ስፋቱ 38 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ጥቁር ብረት ቱቦ ይበቃዋል። ‹ሰፊ ቱቦ ብዙ ጉልበት› የሚሉህን አትስማቸው፤ ቱቦው ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ ዝቅተኛ ዙር ላይ መኪናው ይደነዝዛል። የውሃ ቧንቧም እንዳታመጣብኝ። የተነከረበት ዚንክ ሲበየድ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል፤ ደርሶብኛል።

ቱቦውን መጉበጥ ነው ጥበቡ። ማጉበጫ ማሽን ከሌለ አሸዋ ሞልተህ፣ ሁለቱንም ጫፍ በእንጨት ጠቅጥቀህ፣ አንዱን ቦታ በኦክስጅን እሳት እስኪቀላ አግለህ ቀስ እያልክ ትጎብጠዋለህ። አሸዋው ከውስጥ ስለሚደግፈው አይጨፈለቅም። አሸዋው ግን ደረቅ መሆን አለበት፤ ‹ደረቅ ይመስላል› አይበቃም። እርጥበት ካለው በእንፋሎት እንጨቱን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። እኔ የጣና ዳር አሸዋ አምጥቼ፣ ወንፍቼ፣ እንደ ገብስ ቆሎ በምጣድ እቆላዋለሁ። ምጣዱ የባለቤቴ ነበር፤ አሁን የእኔ ነው። እሷ ሌላ ገዝታለች።

የቱቦዎቹን መንገድ ለመቀየስ መጀመሪያ ሳትበይድ በወፍራም ሽቦ ሞክረው፤ መሪው ዘንግ፣ የሞተር ማቆሚያው፣ ስታርተሩ ሁሉ መንገድ ላይ አሉ። በወጣትነቴ ለዚህ ሥራ እርጥብ ደንገል እጠቀም ነበር። ታንኳ ሠሪዎቹ ሲያጎብጡት አይቼ ‹ይኸውልህ በነፃ የተገኘ ቱቦ› አልኩ። ሹል መታጠፊያ ላይ ይሰበራል እንጂ ውፍረቱን ጭምር ያሳይሃል፤ ሽቦ ውፍረት አያሳይም። ዛሬም አንዳንዴ አደርገዋለሁ፣ ልጆቹ ይስቁብኛል።

ከቴስታታው ጋር የሚገጥመውን ሳህን ከ10 ሚሊሜትር ላሜራ አስቆርጥ። በ5 ሚሊሜትር የሠራ ሁሉ ወር ሳይሞላው ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ) ያቃጥላል፤ ሳህኑ በሙቀት እንደ እንጀራ ጠርዝ ይነሳል። ስትበይድም ሳህኑን አሮጌ ቴስታታ ላይ በብሎን አጥብቀህ አስረህ በይድ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ዳዶውን አትፍታ። ‹ትንሽ ይሞቃል እንጂ ቀዝቅዟል› ያለኝን ልጅ ሥራ ሁለት ቀን በሞረድ ሳስተካክል ከርሜያለሁ። ከዚህ ሁሉ ልፋት የምታገኘው በእኔ ግምት አራት አምስት ፈረስ ነው። ድምፁ ግን የሃያ ፈረስ ይሆናል፤ ስለዚህ ማርሚታውን አትጣለው፣ ጎረቤት አለህ።

ማኒፎልዱን ተወው። ፊያት ራሱ በዚያ ኩፔ ሁለት ካርቡራተር የገጠመው ለ1608ቱ ሞተር ነው፤ 1438ቱ በአንዱ ቀጥሏል። የሚያስፈልገው ቢሆን ኖሮ ይሰጠው ነበር። ‹የለም፣ ለማማሩ ነው› ካልክ ደግሞ የእኔን ውርደት ስማና አድርገው። አንድ ክረምት ለደንበኛ ማኒፎልድ ልናቀልጥ ከቁራሊዮ የድስት አልሙኒየም ገዛን። የድስት አልሙኒየም ንጹሕ ማለት ይቻላል፤ ቀልጦ ወደ ፎርማ ሲገባ አይፈስም፣ ሲበርድም ማዕዘኑ ላይ ይሰነጠቃል። ሁለተኛውን ከአሮጌ ፒስተን አደረግነው። ፒስተን ውስጥ ሲሊከን ስላለበት እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ መልኩም አማረ። ገጥመን ስናስነሳው ሞተሩ ያነክሳል። በመብራት ስናየው ግድግዳው እንደ ስፖንጅ ተቦርቡሯል፤ በየቀዳዳው አየር ይስባል። ከሰኔ እስከ መስከረም የእኛ አገር አየር ውሃ ነው፤ ፎርማውም ፒስተኑም እርጥበት ይዘዋል፣ የቀለጠ አልሙኒየም ደግሞ ከእርጥበት ሃይድሮጅን ይጠጣና ሲረጋ አረፋ ሆኖ ይቀርበታል። ከዚያ ወዲህ በክረምት አላቀልጥም። በበጋም ቢሆን ፒስተኑን በምድጃ ዳር ሳላሞቅ ድስት ውስጥ አልጨምርም፣ የእንጨት ሞዴሉንም በሜትር 13 ሚሊሜትር ያህል አስረዝሜ ነው የማሠራው፤ አልሙኒየም ሲበርድ ያንን ያህል ይኮማተራል።

ቴስታታውን መላጨት የምወደው ሐሳብ ነው። ከፍታ ላይ ሲሊንደሩ በደንብ ስለማይሞላ ኮምፕሬሽኑን (ድብልቁ የሚታመቅበትን መጠን) ትንሽ ብታሳድገው እዚህ አያንኳኳም። ፋብሪካው 8.9 ለ 1 ብሎታል። 9.5 ይበቃሃል። ሒሳቡ ይኸው፦ የአንድ ሲሊንደር 359.5 ሲሲ ለ7.9 (8.9 ሲቀነስ 1) ሲካፈል የማቃጠያው ክፍል 45.5 ሲሲ ነው፤ ለ8.5 (9.5 ሲቀነስ 1) ስታካፍለው 42.3። ልዩነቱ 3.2 ሲሲ። የፒስተኑ ዲያሜትር 80 ሚሊሜትር ስለሆነ ይህ 0.64 ሚሊሜትር መላጨት ነው። ግን ሞተሩ በሃምሳ ምናምን ዓመት ዕድሜው ከአሁን በፊት ተላጭቶ ከሆነስ? ስለዚህ በእኔ ሒሳብ አትላጭ፤ መጀመሪያ ለካ። ከመድኃኒት ቤት ባለ 50 ሲሲ ሲሪንጅ ግዛ። ባልቦላዎቹንና ካንዴላውን ገጥመህ፣ ቴስታታውን ገልብጠህ፣ የክፍሉን አፍ በግሪስና ቀዳዳ ባለው ጠፍጣፋ መስታወት ክደነው፤ ከዚያ ላምባ በሲሪንጁ እየለካህ ሙላው። አራቱንም። አንዱ 44 ሌላው 46 ከሆነ ከመላጨትህ በፊት እነሱን አስተካክል።

ከተላጨ በኋላ ባልቦላው ወደ ፒስተኑ እንደቀረበ አትርሳ። ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበትን ፕላስቲሲን ፒስተኑ ላይ ለጥፈህ ግጠመው፤ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙረህ ክፈተውና ጭቃውን በምላጭ ቆርጠህ ውፍረቱን ለካ። ከ2 ሚሊሜትር ካነሰ እንዳታስነሳው፣ ይዘኸው ና።

ፍላይዊሉን አላቀልልህም። ምክንያቱን በቁጥር ልንገርህ፦ 28 ሴንቲሜትር የሆነ ፍላይዊል በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ከ300 ኪሎሜትር በላይ ይሮጣል። እሱም ከእግርህ ብዙም ሳይርቅ ነው። ካቀለልኩት በኋላ ሚዛኑን የምጠብቅበት ማሽን የለኝም፤ ቶርኖዬ ላይ ‹የተስተካከለ ይመስላል› ብዬ አልሰጥህም። ፍሬንና መሪ የሚነካ ዕቃም እንዲሁ፤ በእኔ እጅ አይሠራም።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እኔ ጀማሪ በያጅ ነኝ። ከቁራሊዮ የቮልስ ሞተር ቅርፊት በኪሎ ገዝቻለሁ። አልሙኒየም ይመስላል፤ እንደውም ከአልሙኒየም ይቀላል። አቅልጬ የካርቡራተር መቀመጫና ፑሊ ልሠራበት ነው። ምን ዓይነት ፎርማ ልጠቀም?
ከባሕር ዳር

መልስ

‹ከአልሙኒየም ይቀላል› የምትለዋ ቃል አስደነገጠችኝ። የቀለለው አልሙኒየም ስላልሆነ ነው፤ የቮልስ ቅርፊት ማግኒዚየም ነው። አታቅልጠው። በግራይንደር አትቁረጠው፣ ብናኙን መሬት ላይ ከምረህ አትበይድበት። ማግኒዚየም አንዴ ከተያያዘ ዓይን በሚያሳውር ነጭ ብርሃን ይነዳል፤ ውሃ ስትደፋበት ደግሞ ከውሃው ሃይድሮጅን እያወጣ ይብሳል። የሚያጠፋው ደረቅ አሸዋ ነው።

ለወደፊቱ የማታውቀው ቀላል ብረት ሲገጥምህ ጥጉን በሞረድ ፍቀህ ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት። ወዲያው እንደ ጠላ አረፋ ከደፈቀ ማግኒዚየም ነው፣ አልሙኒየም ዝም ይላል። ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ ደግሞ ቮልስ ለሚያድስ ሰው ሽጠው፤ ከገዛህበት ዋጋ በላይ ይሰጥሃል።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ሴት ነኝ ብለው እንዳይንቁኝ እንጂ መኪናዬን ራሴ ነኝ የምፈታታው። የገዛሁት አሮጌ ፊያት ከፊት በቀኝ በኩል ሁለት ሴንቲ ዝቅ ብሏል። ሳወጣው ሞላው በእሳት ተቆርጦ አገኘሁት፤ የድሮው ባለቤት ዝቅ እንዲል ብሎ ነው መሰለኝ። አዲስ ሞላ ቶርኖ ላይ ይጠመጠማል?
ከአዴት

መልስ

እህቴ፣ የሚንቅሽ ሞላ በእሳት የቆረጠው ሰውዬ ይሁን። ሞላ የሚሸጠው በጥንካሬው ነው፤ እሳት የነካው ቦታ ጥንካሬውን ያጣል፣ ይተኛል፣ ወይም አንድ ቀን ጉድጓድ ላይ ይሰበራል። የፊቱ ቀኝ ብቻ መተኛቱ አይገርመኝም፤ ግራውንም ቆርጦት ከሆነ ተራውን እየጠበቀ ነው።

ቀጭን ሽቦ ቶርኖ ላይ እጠመጥማለሁ፤ የካርቡራተር፣ የመዝጊያ ሞላ፣ የመሳሰለውን። የመኪና ሞላ ግን ቀልቶ ተጠምጥሞ፣ በዘይት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ መሞቅ አለበት። ያ ምድጃ እኔ ጋ የለም። የሚሻለው ከተፈታ መኪና የሚመሳሰል ሞላ መፈለግ ነው። ስትፈልጊ የሽቦውን ውፍረት በካሊበር ለኪ እንጂ በዓይን አትመኚው። ጥንካሬው የሚያድገው ውፍረቱ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ ነው፤ 12 ሚሊሜትር የነበረውን በ13 ብትተኪው ሌላው እኩል ሆኖ 38 በመቶ ገደማ ይደነድናል። ከዚያ መኪናው በአንድ ጎን እንደ ጋሪ ይነጥራል።

ትንሽ ልዩነት ብቻ ከቀረሽ ከሞላው በላይ የሚገባ የናይለን ቀለበት ቶርኖ ላይ እሠራልሻለሁ። ቁመቱን ለማወቅ ሁለቱንም ሞላ ይዘሽ ነይ፤ የቀኙን ብቻ እንዳታመጪ።